ከአንድ ጉድጓድ የበሉ

ታንጉ ባሏን የገደለችው እሷ መሆኗን የሰማችው ባሏ ገና ሳይሞት ነው። የሰማችውም ጓሮ፣ በማሽላ አገዳ በተጋረደችው ሽንት ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ስለነበር ወጥታ መልስ ለመስጠት የሚያመች አልነበረም። ከአጥሩ ወዲህ አማቷ እማማ ታይቱ ቆመው፣ ከአጥሩ ወዲያ ላለችው ለጎረቤታቸው ለመስቱራ ነገሩን ረጋ ብለው ያስረዳሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ ስለ ስኳር ዋጋ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ጡት ጠብተው፣ ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ማሽላ እየበሉ አድገው፣ ታላቁ ቢሻው ሆዱ ተነፍቶ ዓይኑ ብጫ ሆኖ ጤና ጣቢያ ተኝቷል፤ ታናሹ ቸሩ ደግሞ ትናንት የሰሊጥ ጆንያ ብቻውን አንሥቶ መኪና ላይ ወርውሯል። እህሉ እንደሁ ያው ነው፤ ደሙም ያው ነው። የቸሩን ገበታ የሚያቀርቡለት እናቱ ናቸው፤ የቢሻውን የምታቀርብለት ሚስቱ ናት። እንግዲህ የቀረው ምንድን ነው? የቀረው እጅ ነው። መስቱራ በአረብኛ “ላ ሐውለ” ብላ ተገረመችና ነገሩ እንደገባት ተናገረች።

ታንጉ የሚቀጥለውን ለመስማት ባለችበት ቆየች፤ የሚቀጥለውም መጣ። ቢሻው አንድ ነገር የሆነ እንደሆነ፣ አሉ እማማ ታይቱ፣ አርባው እንደወጣ ሴትዮዋ ወደ ጎጃሟ ትመለሳለች፤ ልጅቱ ግን የዚህ ቤት ደም ናትና እዚሁ ትቀራለች። ልጅቱ የሰባት ዓመቷ ስመኝ ናት። ታንጉ ለሰሊጥ አጨዳ ከመጡት የቀን ሠራተኞች ጋር በጭነት መኪና መተማ ዮሐንስ የገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጎጃም ውስጥ የሚጠብቃት አንድ የታመመ ወንድምና በውርስ የተከፋፈለች ጥማድ መሬት ብቻ ነበር። ስመኝን ትታ የምትሄድበት ጎጃም ግን በዚህ ምድር ላይ እንደሌለ እርግጠኛ ነበረች። እማማ ታይቱ አጥሩን ለቀው እስኪሄዱ ጠብቃ ወጣች፤ እጇን ታጠበች፤ ወደ ጓዳ ገብታ ለባሏ ገንፎ አገነፋች።

ነገሩን ያባባሰው የትናንቱ ክኒን ነው። ከቀትር በኋላ ሕመሙ ሲበረታበት የጤና ጣቢያው ድሬሰር ለቢሻው አንድ ማስታገሻ ሰጠው። ቢሻው ከዚያ በፊት ታንጉ ካመጣችለት ገንፎ ሦስት ጊዜ ያህል ቀምሶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኑ ተከደነ፤ ትንፋሹ እየራቀ ሄደ፤ ጉንጩን ቢመቱት አይሰማም፤ እናቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበስ ጀምረው ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ነቃና ውሃ ጠየቀ። በጎኑ ባለው አልጋ ላይ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ የእህል ኮታ ሰብሳቢ ጓድ ውባንተ ከትራክተር ወድቆ እግሩን ሰብሮ ተኝቷል። እሱ ከዚያው ብልቃጥ ሁለት ክኒን ወስዶ አንዱም ሳይሠራለት ሲያቃስት ነበር ያደረው። አንዱን የወሰደው ሊሞት ደረሰ፤ ሁለት የወሰደው እንቅልፍ እንኳ አልወሰደውም። ስለዚህ ክኒኑ ንጹህ ነው ተባለ። ጥርጣሬው ገንፎው ላይ ቀረ።

ጊዜው መጋቢት ነበር፤ ቆላው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የሚነድበት። ታንጉ ስመኝን ለአማቷ የመጨረሻ ልጅ ለአየሁሽ ሰጥታ፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ፣ ከጉምሩኩ ፊት ለፊት በተደረደሩት የጭነት መኪናዎች ጥላ ሥር እየተሽሎከለከች ሄደች። አየሁሽ ዛሬ ከቤት መውጣት አልተፈቀደላትም። ማታ ከአብርሃ ጅራ የእጮኛዋ ወገኖች ይመጣሉ፤ የሚመጡትም ዘር ሊጠይቁ ነው። በዚያ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት የማይጠየቅ ነገር የለም። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን በምን ሞተ፣ ከቤቱ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ቁምጥና አለ ወይ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እማማ ታይቱ ለዚህ ጥያቄ ድሮም የተዘጋጀ መልስ ነበራቸው። ባላቸው በቅሎ ረግጣው ነው የሞተው። የባላቸው ወንድምም በአንበጣ ዓመት ለሥራ ሱዳን ወርዶ እዚያው ቀርቷል። በዘሩ ላይ ምንም የለም።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሳህኑን አይቶ እጁን ዘረጋ። አዲስ ትእዛዝ አለ፣ አላት፤ የበሽተኛው እናት ከሚስቱ እጅ የሚመጣ ምግብ እንዳይገባ ትናንት ማታ አደራ ብለውታል፣ አደራ ደግሞ አደራ ነው። ታንጉ ሳህኑን ከፍታ ከገንፎው ጎርሳ ዋጠች። ዘበኛው አንድ ጊዜ አይበቃም አለ፤ ሦስት ጊዜ ጎረሰች። ቢሆንም አንዳንድ ሴት መርዝ ሆዷ ይችላል ሲባል መስማቱን ነገራትና ለማጣራት ያህል ራሱ በጣቱ ዛቅ አደረገ። ቁርስ አልቀመሰም ነበርና ደጋግሞ አጣራ። ሲጠግብ ግቢ አላት። ታንጉ ባዶ ሳህን ይዛ ገባች፤ ሆኖም ስሟ በአንድ ሰው ፊት የጠራ ስለመሰላት ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር።

የወንዶቹ ክፍል ቆርቆሮ ጣራ ያላት አራት አልጋ የምትይዝ ቤት ናት። ሁለቱ አልጋዎች ባዶ ናቸው፤ በወባ የተኙት ሰዎች ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ወርደዋል። ቢሻው ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ተኝቷል፤ ሆዱ ከእሱ ተለይቶ የተቀመጠ ዕቃ ይመስላል። ከትናንቱ በኋላ ማንም ሌላ ክኒን ሊሰጠው አልደፈረም። አይጮህም፤ የአልጋውን ብረት ይዞ ጥርሱን ነክሷል። ታንጉ ላቡን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግለት ሰሊጡ ተነቅሎ አለቀ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰሊጥ ከታጨደ አራት ወሩ ነው። አልቋል አለችው። ይህን ሰው ትወደው ነበር፤ አጨዳ ላይ ውሃ ጠምቷት ስትወድቅ ከራሱ ቅል ያጠጣት እሱ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጁን ያነሣባት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ለሳምንት ሲያፍርበት ሰንብቷል።

ከጎንደር በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚመጣው ሐኪም ዶክተር ያረጋል ይባላል። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ቆላ ከተመደበ ወዲህ ሰው ሁሉ ወባ አለብኝ እያለ ስለሚመጣበት ወባ ያልሆነ ሰው ሲያገኝ በጥሞና ያያል። የቢሻውን ሆድ በጣቶቹ እያንኳኳ ቆየ፤ የዓይኑን ቆብ ገለጠ። ከዚያ ታንጉን ወደ መስኮቱ ወሰዳትና ድምፁን ሳይለውጥ ነገሩ ጉበቱ ላይ የበቀለ ካንሰር እንደሚመስለው፣ ተቀዶ የሚወጣበት ጊዜ እንዳለፈ፣ ጎንደርም አዲስ አበባም ቢወሰድ የሚጨመርለት ነገር እንደሌለ ነገራት። ታንጉ ነቀርሳ የሚባለውን ነው ወይ አለችው፤ አዎ አላት።  ያረጋል ወረቀቱን አገላበጠ።

“ምን ትበላላችሁ?” አላት ኋላ።

“እንጀራ።”

“የምን እንጀራ?”

ታንጉ ጓድ ውባንተን በዓይኗ ጥግ አየችው። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጆሮው ግን አልተጨፈነም። ጉድጓዱ ከበረቱ ሥር ነው ያለው። ቆላው ሰው እህሉን ጉድጓድ ማስቀመጡ የቆየ ልማድ ነው፤ ማዶ ያሉት ሱዳኖችም መጥሙራ ብለው ያውቁታል። ድሮ ግን ጉድጓድ ተከፍቶ ይናፈስ ነበር። ለመንግሥት በግድ የሚሸጥ የእህል ኮታ ከመጣ ወዲህ ጉድጓድ መክፈት እህል አለኝ ብሎ መለፈፍ ስለሆነ ሰው አፉን በአፈርና በአዛባ ከድኖ፣ ከብት አስተኝቶበት፣ ዓመት ከመንፈቅ ዝም ይለዋል። ክረምት ውሃ ያስገባል። ሲከፈት የመካከሉ ማሽላ ነጭ ይወጣል፤ የግድግዳውና የአፉ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ፣ ተያይዞ እንደ ጡብ ይቆረሳል። ነጩ በአህያ ወደ ሱዳን፣ ጋላባት ተሻግሮ መንግሥት ከሚከፍለው ሦስት እጥፍ ያወጣል። የተያያዘው ተፈርፍሮ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ለቤት ይሆናል። ሽታውን ልጆቹ ከጡት ቀጥሎ የለመዱት ስለሆነ ጭራሽ ያለ እሱ እህል እህል አይላቸውም፤ ቢሻው አንድ ጊዜ ጎንደር ከርሞ የጤፍ እንጀራ ሲበላ ሰንብቶ ሲመለስ ሳምንቱን ሙሉ ጾሙን እንደዋለ ነበር የቆጠረው።

“ከገበያ የምንሸምተው ነው” አለች።

“ከገበያ ከሆነ ደግ ነው” አለ ያረጋል፣ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ። “እኔ የፈራሁት ሻጋታ ነበር። የሻገተ እህል ጉበት እንደሚያጠፋ የታወቀ ነው። እንግዲያው ምክንያቱን አላውቅም።” ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

ታንጉ ብዕሩ ኪሱ ውስጥ ሲገባ አየች። ምክንያቱ ካልታወቀ የምትቀረው እሷ ናት። ኮታ የደበቀ ይታሰራል፤ ባሏን የገደለች ግን ልጇን ትቀማለች። ለማነጻጸር ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም።

“የጉድጓድ ነው” አለች። “ከግድግዳው የተላቀቀውን ነው የምንበላው። ዓመት ሙሉ። እኔም፣ ልጄም፣ ሁላችንም።”

ጓድ ውባንተ ዓይኑን ገለጠና ጣራውን ማየት ጀመረ።  ታንጉ አሁን ይጠራኛል፣ ስንት ኩንታል ነው ይለኛል ብላ ጠበቀች። ውባንተ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ዶክተር” አለ። “ለምሳሌ አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ቢኖረው፣ እህሉ ታጥቦ ቢበላ አይሆንም?”

“አይሆንም።”

“ቢቆላስ?”

“አይሆንም።”

“ጠላ ቢጠመቅበት?”

“እሱም አይሆንም።”

ውባንተ ወደ ጣራው ተመለሰ። “ሰውየው ስምንት ልጆች አሉት” አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኮታ አንድም ነገር አልተናገረም።

ታንጉ ዋናውን ጥያቄዋን ያኔ ጠየቀች። ወንድሙ ከዚያው ጉድጓድ እየበላ ስለምን ምንም አልሆነም? ያረጋል ይህን ጥያቄ ጎንደር ላይ ሲማር ራሱም ጠይቆ በቂ መልስ ሳያገኝ የቀረ መሰለ። የትራክተር አገር ስለሆነ በትራክተር አስረዳት። ጉበት ማለት እንደ ፊልትሮ ነው፤ የሚገባውን ሁሉ እሱ ነው የሚያጣራው። ሰው ግን ፊልትሮውን የሚያገኘው ከእናት ካባቱ ነው፤ የሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች እንኳ እኩል አይደርሳቸውም። የአንዱ መርዙን ቶሎ አስወግዶ ይጥላል፤ የሌላው ያንኑ መርዝ ይባስ ያከፋዋል። ያው ቆሻሻ ናፍጣ አንዱን ሞተር ያስነክሳል፣ ሌላውን ያቃጥላል። ክኒኑም እንደዚሁ ነው፤ ሆድ ገብቶ ነው ኃይል የሚያወጣው፤ አንዳንዱ ሰውነት ቶሎ ኃይል ያወጣለትና ባለቤቱን ይጥለዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያወጣለትም። ይህን ሲል በአገጩ ወደ ውባንተ ጠቆመ። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ይሄዳል።

“ታዲያ የትኛው ነው ያመመው?” አለች ታንጉ። “እህሉ ነው ደሙ?”

“ሁለቱም። እህሉ ባይኖር ደሙ ብቻውን ምናልባት ምንም ባላደረገው። ደሙ ሌላ ቢሆን ደግሞ እህሉን ምናልባት በቻለው። እርግጡን ለመናገር እኛም ገና በደንብ አናውቅም።” ቀጠለና ስመኝ የእሱ ልጅ መሆኗን ጠየቃት። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ እህል አንድ ጉርሻ እንዳትበላ አላት። ለማንም አይሆንም፤ የእሱ ደም ላላት ግን ጭራሽ።

እማማ ታይቱ የገቡት ያኔ ነው፤ የራሳቸውን ሳህን ይዘዋል። ዘበኛው የእሳቸውን ሳህን አላጣራም። ያረጋል አክብሮ ቆመላቸውና አባትየው በምን እንደሞቱ ጠየቃቸው። በቅሎ ረግጣው፣ አሉ። ሆዳቸው ያበጠበት ጊዜ አልነበረም? አልነበረም። መድኃኒት ወስደው ያለልክ ያስተኛቸው ጊዜስ? መድኃኒት በአፉ ዞሮ አያውቅም። መልሳቸው እየተቻኮለ ነው የሚመጣው፤ የማታዎቹ እንግዶች ዶክተሩን አስቀድመው የላኩት ነው የመሰላቸው። ያረጋል ታገሠና ለምን እንደጠየቀ ነገራቸው። ትናንት ልጅዎን ያስተኛው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ጉበቱ አልቆ ራሱን መሳት መጀመሩ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ አንድም ማስታገሻ ልሰጠው አልችልም፣ የቀረውን ጊዜ እንዲህ እንዳዩት ሆኖ ነው የሚያልፈው። ሁለተኛው ከዘር የመጣ፣ ክኒኑን የማይችል ሰውነት መኖሩ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ሩቡን ሰጥቼ ሕመሙን አስታግሥለታለሁ። የትኛው እንደሆነ የሚነግሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

እማማ ታይቱ ሳህናቸውን ታቅፈው ቆሙ። ታንጉ ፊታቸውን አየች፤ ጠዋት ሲፈርዱባት የነበረው ፊት አይደለም፤ የአየሁሽን ሠርግና የቢሻውን ሕመም በአንድ ሚዛን አስቀምጠው የትኛው እንደሚደፋ የሚጠብቁ ሴት ፊት ነው። በመካከሉ ቢሻው የአልጋውን ብረት ለቀቀና “እማ” አለ። 

“በቅሎ አልነበረንም” አሉ እማማ ታይቱ ግድግዳውን እያዩ። “በቅሎ ኖሮን አያውቅም። አምስት ወር ሆዱ አብጦ ነው የሞተው። ወንድሙም እንደዚሁ። ባሌን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወስጄው የሳል ክኒን ሰጡት፤ አንድ ፍሬ። ሁለት ቀን ተኛ። ከፈኑን ቆርጠን ስንሰፋ ነው የነቃ።”

ያረጋል የሳሉ ክኒን የዚሁ ማስታገሻ ዓይነት መሆኑን ነግሮ አመሰገናቸውና ክኒኑን በምላጭ ከአራት ከፈለው። ቢሻው ሩቧን ወሰደ። ያረጋል ሰዓቱን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ፤ ውባንተም ክርኑን ተመርኩዞ ተመለከተ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቢሻው ጥርስ ተላቀቀ። ትንፋሹ ግን አልራቀም፤ ሲጠሩት ዓይኑን ይገልጣል። ትንሽ ቆይቶ እግሩን ዘረጋ፤ እግሩን ከዘረጋ ሳምንት አልፎት ነበር። ታንጉ አንጀቷ ራሰ። የሚሞት ሰው እግሩን ስለዘረጋ እንዲህ ደስ ይለኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ወደ ቤት ሄዱ። ከፊትና ከኋላ ሆነው፣ ሻይ ቤቶቹን አልፈው፣ የሱዳን ሳሙናና ሽቶ በየድንኳኑ የሚቸረቸርበትን መንገድ አቋረጡ። ታንጉ ይቅርታ አልጠበቀችም፤ ከአማት ይቅርታ የሚጠበቅበት አገር የት እንደሆነም አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ ይህ ለዶክተሩ የተነገረው ቃል በሰው ፊት እንዲነገር። ከመስቱራ አጥር ሲደርሱ እማማ ታይቱ ቆም አሉ። “ማታ ሽማግሎቹ ይመጣሉ” አሉ። የማያውቅ ሰው ቢሰማው ስለ ወጥ የሚያሳስቡ ይመስለዋል።  ይምጡ፣ አለች ታንጉ በልቧ፤ ይምጡና ይጠይቁኝ።

መጡ። ሦስት ናቸው፤ ሁለት ሽማግሎችና የእጮኛው አክስት። በሰሊጥ መኪና ጋቢና መጥተው አቧራቸው ገና አልተራገፈም። ሁለት ክፍል ያላት ቤት ጠበበች፤ የጠፍር አልጋው ለእንግዶቹ ተለቀቀ፤ የተቀረው በርጩማና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ለእንግዳ ከገበያ ጤፍ ተሸምቶ ነበር፤ ቸሩ ብቻ የለመደውን አላጣም ብሎ የጉድጓዱን እንጀራ ወደ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ስመኝ እጅ ታስታጥባለች። ጠዋት የበላችው የመጨረሻዋ ነበር፤ ታንጉ ከጤና ጣቢያ እንደገባች ከፊቷ አንሥታ ከጤፉ ሰጥታታለች፣ እማማ ታይቱም አይተው አልከለከሉም። ንግግሩ በዝናብና በትራክተር ኪራይ ዋጋ ተጀምሮ፣ በአብደራፊ መጋዘን በተቃጠለው ሰሊጥ በኩል አልፎ፣ ቀስ እያለ ወደ መጣበት ጉዳይ ደረሰ። ታላቁ ሽማግሌ አቶ ፈንቴ የአባትየውን በቅሎ ሰምተናል አሉ፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። የቢሻው ሕመም ግን ግር ብሏቸዋል። ሆዱ ነው ይባላል። ደሙ ነው ወይስ ሌላ? እማማ ታይቱ ወባ ብለው ጀመሩ፤ አቶ ፈንቴ እጃቸውን አነሡ። ከጎንደር የመጣ ሐኪም እንዳየው ሰምተናል፤ ሲያየው ማን ነበር?

“እኔ ነበርሁ” አለች ታንጉ።

ቀኑን ሙሉ የተመኘችው ይህንኑ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቃሉ ምላሷ ላይ ነው፤ በቅሎ አልነበረም፣ አባቱም አጎቱም በዚሁ ነው የሞቱት፣ የእኔ እጅ ንጹህ ነው። እማማ ታይቱ ዓይናቸውን ጭናቸው ላይ ጥለዋል። አየሁሽ በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች። አክስትየዋ በዚህ መሐል ውሃ የያዘችውን ስመኝን አገጯን ይዘው ቀና አደረጓትና፣ ይህችስ ምን አለባት፣ ነገ ስታድግ ለእሷም አብርሃ ጅራ ወንድ አናጣላትም፣ ዘሩ ከጠራ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብለው ሳቁ። ሽማግሎቹም ሳቁ።

ታንጉ አልሳቀችም። ዘሩ ካልጠራ አየሁሽ ብቻ አይደለችም ሳትዳር የምትቀር። ይህችኛዋም የዚያው ደም ናት፤ ሐኪሙ ራሱ ነግሯታል። ዛሬ ማታ በዚህ ቤት የሚነገረው ነገር ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላም ስመኝን ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይነገራል። ጠዋት ብትጠየቅ ኖሮ፣ ወይም ሴትዮዋ የልጇን አገጭ ባይነኩ ኖሮ፣ ሁሉንም ታወጣው ነበር። አሁን ግን አፏ ውስጥ ያለው እውነት ቢወጣ የሚያርፈው ልጇ ላይ ነው።

“እህሉ ነው አለ” አለች። “የሻገተ እህል ጉበቱን ጎዳው። ሳልለይ ያበላሁት እኔ ነኝ።”

“ከዘሩ የመጣ ነገር የለም?”

“ዘሩ ንጹህ ነው።”

አቶ ፈንቴ ተነፈሱ። የሁለተኛው ሽማግሌ ፊትም ፈታ አለ። የሴት ስንፍና ከሆነ፣ አሉ አቶ ፈንቴ፣ ያሳዝናል፣ ግን አይወረስም። የሠርጉ ወር ተቆረጠ። አክስትየዋ ስመኝን ለቀው ታንጉን ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት፤ ከእሷ አጠገብ የነበረውን እንጀራም በቀስታ ገፋ አደረጉት። ታንጉ አየች። አጥንቷ ድረስ አመማት፤ ሆኖም ቀና ብላ ነው የተቀመጠችው። አቶ ፈንቴ ሊነሡ ሲሉ አንድ ነገር ቀራቸው።

“እንግዲህ ዘመድ ልንሆን ነውና ልጠይቅ” አሉ። “እንዲህ ያለችቱን ሴት ከልጅ ጋር እቤትዎ ያኖራሉ?”

እማማ ታይቱ ዓይናቸውን ከጭናቸው አነሡ።

“እሷ ከቤቴ አትወጣም” አሉ። “የሚወጣው እህሉ ነው።”

እንግዶቹ በዚያው ጋቢና ሄዱ። መኪናው ከጉምሩኩ ማዶ እስኪሰወር እማማ ታይቱ በሩ ላይ ቆመው ሸኙ፤ ሲመለሱ በርጩማቸውን ጎትተው ታንጉ አጠገብ ተቀመጡ። የተናገረው ቸሩ ነው። ነገሩ አሁን ነው የገባው።

“ሃያ ኩንታል ነው እኮ፣ እማ። ሰው እህል ያጣበት ዓመት ላይ ልንደፋው ነው?”

“እንደፋዋለን።”

“እኔ ስበላው ኖሬ ምን ሆንሁ?”

እማማ ታይቱ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ጫንቃውን፣ ክንዱን፣ ከዚያ ሆዱን አዩ፤ የዓይኑን ነጭም ለማየት ፋኖሱን ጠጋ አደረጉ።

“እስካሁን” አሉ።

ቸሩ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው።